የዶክተር ከማል ሽማግሌዎች

እህቴ ፈውዚያ "ባል አገኘሁ" ስትለኝ ሱቄ በር ላይ ባልዲ እየደረደርኩ ነበር። ባልዲውን ሳላስቀምጥ "የማን ልጅ ነው?" አልኳት። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኼ ነው፤ መልክና ሥራ ከዚያ በኋላ ይደረስባቸዋል። እሷ ግን በመልስ ፈንታ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ።

ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ጢሙን አሳምሮ የተከረከመ ሰውዬ ነው። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ የሐኪም ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። ስሙ ዶክተር ከማል ጆንሰን ነው አለችኝ። አባቱ እንግሊዝ፣ እናቱ ቱርክ፣ እሱ ሙስሊም፣ ሥራው ደግሞ ባሕር መሐል ነዳጅ የሚያወጡ ሰዎችን ቀዶ ጥገና ማድረግ።

"ባሕር መሐል ፈረስ ምን ያደርግለታል?"

"የእረፍት ቀኑ ነው" አለችኝ፣ ፈቃዱን ራሷ የፈረመችለት ይመስል።

የሚልክላትንም መልእክት አስነበበችኝ። "ደህና አደርክ ውዴ፤ ቁርስ በላህ?" ይላል። እህቴን ነው እንግዲህ። በየጠዋቱ እንዲሁ ነው፣ አንድም ቀን አይዘለውም። ለምን እንደ ወንድ እንደሚያናግራት ብጠይቃት ለሷ ሲል አማርኛ እየተማረ መሆኑን ነገረችኝ፤ አይኗም እንባ አቀረረ።

እኔ ቁጡ ነኝ፤ የፕላስቲክ ዕቃ አዳማ ገበያ ውስጥ እየነገደ ቁጡ ያልሆነ ሰው ካለ ያሳዩኝ። ያን ቀን ግን የተቆጣሁት አውቄ ነው። ሻሼ የምትባል የወንጂ ደንበኛ አለችኝ፤ ስኳር ፋብሪካ ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት። እሷን ያፈቀራት ጄኔራል ነበር። ፊቱን አላሳያትም፣ ዘመድ አልነበረውም፣ ለጋብቻ ግን እሳት ነበር፤ በመጨረሻ ስጦታ ልኬልሻለሁ፣ ጉምሩክ ያዘው፣ ማስለቀቂያውን ክፈይ አላት። ከፈለች። አሁን የምትኖረው እህቷ ቤት ነው። ይኼን ሁሉ ለፈውዚያ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።

"ሻሼን ያታለላት ጄኔራል ነው" አለችኝ። "የኔ ዶክተር ነው።"

የፈራሁት ለባጃጇ ነው። ባሏ ራህመቶ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሞት የተወላት እሷን ብቻ ነው። ፈይሳ የሚባል ጨዋ ሹፌር ይነዳታል፤ የቤት ኪራዩም፣ የጓዳውም ወጪ፣ ጅማ የምትማረው የልጇ የአሚራም ትምህርት ከዚያች ባለ ሦስት እግር ነው የሚወጣው። ባጃጇ ከሄደች ፈውዚያም እንደ ሻሼ የእህት ቤት ልትገባ ነው፤ እህቷ ደግሞ እኔ ነኝ፣ ከኔ ጋር መኖር ቀላል አይደለም።

ማታ ለባሌ ለጃዕፈር አወራሁት። ጃዕፈር የጅቡቲን መንገድ በተሳቢ ሲመላለስበት የኖረ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን የሚነዳው ስላጣ ሽምግልና ይዟል። "ይኼ በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ለሐጂ ይነገር" አለ። ደስ አለኝ። ሐጂ ኡበይደላ የእህል ነጋዴ ናቸው፣ የሰፈራችን ቅሬ ሰብሳቢም ናቸው፤ ቀብርም ሆነ ሰርግ ያለ ቅሬው አይሆንም። አንድ ጊዜ ከተቀመጡበት ሌባውን ጉድጓድ ከተው አፈር ያለብሱልኛል ብዬ አሰብኩ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቴ ተሰበሰቡ። ሐጂ መጡ፣ ጎረቤታችን አቶ ነጋሳም መጡ። አቶ ነጋሳ ዕድሜያቸውን ቆቃ ኃይል ማመንጫ የሠሩ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ "አካም ቡልተን" እያሉ ሁሉንም በየተራ ሰላም ሳይሉ ወንበር ላይ አይቀመጡም። ፈውዚያ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ተቀመጠች። እኔ ሻይ አቅርቤ ክሴን ጀመርኩ።

"ሐጂ፣ ይኼ ሰው ፊቱን አያሳይም። በቪዲዮ ደውል ስትለው ካሜራዬ ተሰብሯል ይላል።"

"እኔ ባለቤቴን ሐሊማን ኒካህ እስኪታሰር ድረስ ፊቷን አላየሁም" አሉ ሐጂ። "ልጁ ሥርዓት ያውቃል ማለት ነው።"

"ሳይተዋወቁ እናግባ ይላል።"

"እኛ የተቸገርነው በማይቸኩሉት ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አሉ አቶ ነጋሳ። የእሳቸው ልጅ እጮኛ ከያዘ ሰፈሩ ተገንብቶ ፈርሶ እንደገና ተገንብቷል።

"ዘመድ የለውም። አንድም። እናት አባቱን መኪና ገጫቸው፣ ሚስቱን ካንሰር ወሰዳት፣ ወንድም የለው፣ አጎት የለው። እንዲህ ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?"

ይኼን ስል አሸነፍኩ ብዬ ነበር። ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው በኩታቸው ጫፍ ጠረጉት። "ሽማግሌ የሚልክለት አንድ ሰው የለውም?" አሉ። ፈውዚያ ራሷን ነቀነቀች። ባሌን ሳየው አንገቱን ደፍቷል። ያኔ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ።

ሰፈራችን እንዴት እንደተመሠረተ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ግር ሊለው ይችላል። ከአባወራዎቻችን አብዛኞቹ ከወሎ ብቻቸውን የመጡ ናቸው። አንዱ የመኪና ረዳት፣ አንዱ ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ መጥቶ እዚሁ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ሰው ሚስት ሲፈልግ የሚልከው አባት አጠገቡ ስለሌለ ቅሬው ከመሐሉ ሽማግሌ ይሰጠዋል። የተሰጡትም ሽማግሌዎች እንደ ወላጅ ናቸው፤ ልጁ ቢያጠፋ እነሱ ይወቀሳሉ፣ ቢጎድልበት እነሱ ይሞላሉ። ጃዕፈር እኔን ያገባው እንዲሁ ነው። ሐጂ አባት ሆነው ባይቆሙለት ኖሮ አባቴ ከደጅ ይመልሰው ነበር።

"ሰው ወገን በማጣቱ ሚስት አይጣ" አሉ ሐጂ። "እኔ አባት እሆነዋለሁ።"

"እኔ አጎት" አለ ጃዕፈር። ከኔ አጠገብ ተነሥቶ ማዶ ሶፋው ላይ ሐጂ ጎን ተቀመጠ። አቶ ነጋሳ የሴት ወገን ሆነው ቀሩ። በገዛ ሳሎኔ፣ በገዛ ሻዬ፣ ባሌ የሌባ ወገን ሆነብኝ።

ቀጥሎ ዘር ተጠየቀ። ይኼ የአቶ ነጋሳ ሥራ ነበር፤ የአባቱን ስም የማይቆጥር ሰው ለእሳቸው ሰው አይደለም። ፈውዚያ ጻፈችለት። ሰውዬው መልስ ሳይሰጥ ብዙ ቆየ። ከዚያ "አባቴ ሮበርት" አለ። ቀጥል ተባለ። "የእሱ አባት መሐመድ።" ቀጥል። "የእሱ አባት ሪቻርድ።" አቶ ነጋሳ በጣታቸው እየያዙ "ከዚያስ" ይላሉ። "የእሱ አባት ከማል። የእሱ አባት ጆንሰን። የእሱ አባት ዶክተር። ይህ ለምን አስፈለገ ውዴ?"

"ሐኪምነቱ ከዘር ነው" አለ ጃዕፈር ለሐጂ፣ ኩራቱን መደበቅ እያቃተው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ቤት መሆኑ ቀረ። ጃዕፈር እራት ላይ "የሴት ወገን ምን አሰበ?" ይለኛል። የሴት ወገን የትናንት ዳቦ ነው ያሰበው እያልኩ የትናንቱን ዳቦ አቀርብለታለሁ። ሐጂ በየቀኑ ለዶክተር ከማል በድምፅ ምርቃት ይልካሉ። ጃዕፈር ስለ ትዳር ምክር ይልካል፣ አንዳንዴ ከሞተር ጥገና ጋር እያቀላቀለ። አቶ ነጋሳ የሴት ወገን ቢሆኑም ባሕር ላይ ብርድ ስለሚኖር ወፍራም ልብስ እንዲለብስ ይመክሩታል። አንድ ጠዋት ሰውዬው ለፈውዚያ "እባክህ እነዚህን ሽማግሌዎች ከእኔ ላይ አንሳልኝ" ብሎ ጻፈላት። ዶክተር ከማል ያለው የመጀመሪያው እውነት ይኼ ይመስለኛል፤ ትንሽም አሳዘነኝ።

በሳምንቱ የጠበቅኩት መጣ። ለሰርጋችን የሚሆን ፍሪጅ፣ አልጋ፣ ወርቅ በኮንቴይነር ልኬያለሁ፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ተይዟል፤ ማስለቀቂያውን ሙሽራዋ ትክፈል አለ። መልእክቱን ፈውዚያ ለሽማግሌዎቹ ስታነብ እጄን አጣምሬ በር ላይ ቆሜ ነበር። እኛ ዘንድ ወንድ ይሰጣል እንጂ ከሴት ቤት ሳንቲም አይጠየቅም። ፊት ባያሳይ ያልፋል፣ ቢቸኩል ያልፋል፣ ወገን ባይኖረው ያልፋል፤ ይኼ ግን አያልፍም። አለቀለት አልኩ።

በእርግጥም የወንድ ወገን መሬት ገባ። ጃዕፈር ግንባሩን ያዘ። ሐጂ ስልኩን ተቀብለው ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ "ልጄ ከማል" አሉ፣ "አሳፈርከን። የሴት ወገን ገንዘብ አይጠየቅም። ወላጅ ስላልቀጣህ ነው፣ አልፈርድብህም። አሁን ዝም በል። የወንድ ጣጣ የወንድ ነው፤ እኛ እናወጣዋለን።"

"ምኑን ነው የምታወጡት?" አልኩ።

"ኮንቴይነሩን ነዋ" አለ ባሌ።

በነጋታው ፈውዚያን ጨምረን ሚኒባስ ተሳፍረን ሞጆ ሄድን። ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ነበር፣ ኮንቴይነር ሳይሆን ሙሽራ ሊቀበሉ የሄዱ ይመስላሉ። እኔ የሄድኩት አንድ ጤነኛ ሰው አብሯቸው መኖር አለበት ብዬ ነው። የሐጂ የእህታቸው ልጅ ሰዓድ ሞጆ ትራንዚተር ነው፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ሲያወጣ ነው የሚውለው። ዶክተር ከማል የላከውን የሰነድ ፎቶ አየው። አሳነሰው፣ አተለቀው፣ ስልኩን አዟዟረው።

"አጎቴ፣ ይኼ የኮንቴይነር ቁጥር አይመስልም። ማኅተሙን ደግሞ እዩት፤ የሞጆ ባሕር ኃይል ይላል።"

ሁላችንም ዞር ብለን አየን። አቧራ፣ የቆመ ተሳቢ፣ ጥላ ሥር የተኛ ሹፌር። ሞጆ ውኃ ካለ በጀሪካን ነው።

"ሞጆ ባሕር የለም" አለ ጃዕፈር ቀስ ብሎ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ሲያቋርጠው ኖሮ አሁን ገና እንደታየው ሁሉ። ባሌ ሊነቃ ነው ብዬ ክንዱን ያዝኩት። እሱ ግን ወደ ሐጂ ዞሮ፣ "ልጁን አታለውታል" አለ። "አገሩን ስለማያውቅ ሌቦች ተጫውተውበታል።"

"የኛን ልጅ?" አሉ ሐጂ።

የወደቡ በር ላይ ሄደው ቆሙ። ጥበቃዋ ሜቲ የምትባል ትሁት ልጅ ነበረች። የማን ዕቃ እንደሆነ ብትጠይቃቸው "የልጃችን" አሏት፤ ልጃችሁ የት ነው ብትላቸው "ባሕር ላይ" አሏት። ወንበር አምጥታ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው። እዚያው ተቀምጠው ለዶክተር ከማል የድምፅ መልእክት በየተራ ላኩለት፤ በር ላይ ነን፣ ደውለህ ለሠራተኞቹ ንገራቸው፣ አይዞህ አሉት። ብዙ ቆይቶ "ኮንቴይነሩ ወደ ቆቃ ተዛውሯል" ብሎ ጻፈ። ካርታ ላይ አጠገብ ያገኘው ስም መሆን አለበት።

ቆቃም ሄድን። አቶ ነጋሳ እያንዳንዱን ዓሣ አስጋሪ በስም ያውቁታል፤ ኮንቴይነር በዚህ አልፏል ወይ ብለው በኦሮምኛ ሲጠይቁ ሰዎቹ በቁም ነገር እያሰቡ መለሱላቸው። አላለፈም። የተጠበሰ ዓሣ በልተን ወደ አዳማ ተመለስን። መንገድ ላይ ሁሉም ደስተኛ ነበር። ልጃቸውን የሚበድል ሰው አግኝተዋል፤ ሽማግሌ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? እኔ ግን ፈውዚያን አየኋት፤ መስኮቱን ተደግፋ በስልኳ ትጽፋለች፤ ሳያት ስልኩን ገለበጠችው።

ከዚያ በኋላ ስለ ከማል ማውራት ተወች። እኔም ትንሽ ተንፈስ አልኩ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ፈይሳ ሱቄ በር ላይ መጥቶ ቆመ፤ የባጃጇን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያዞራል።

"እትዬ ዋፊቃ፣ እኔ ነገር ማመላለስ አልወድም" አለኝ። "ግን ገዢ መጥቶ ሞተሩን አስነሥቶ አየው። አሁን ቤቷ ናቸው። ሊብሬውን ልትሰጠው ነው።"

ሱቁን ለጎረቤት ጥዬ ወጣሁ። እግሬ ወደ ፈውዚያ ቤት ሊወስደኝ ነበር፤ መሐል ላይ ቆምኩ። ሄጄ ምን ልላት ነው? ሌባ ነው ብያታለሁ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ብያታለሁ። እኔ ሌባ ባልኳት ቁጥር እሷ ለሱ ጠበቃ መቆም ትጀምራለች። እሷን የሚመልሳት እንደሌለ ገባኝ፤ ምናልባት የሱ ወገኖች ይችሉ ይሆናል። ታጥፌ ወደ ሐጂ መጋዘን ሄድኩ። ሐጂ ከጃዕፈርና ከአቶ ነጋሳ ጋር ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ስለ ማን እንደሚያወሩ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"ሐጂ" አልኳቸው፣ "ልጅዎ ከእርስዎ ደብቃ ባጃጇን እንድትሸጥ ነግሯታል።"

"ማን?"

"ዶክተር ከማል። ለሽማግሌዎቹ አትንገሪ ብሏታል።"

ይኼን በጆሮዬ አልሰማሁም፤ ስልኳን ስትገለብጥ ካየሁ በኋላ ግን ለመገመት አልተቸገርኩም። ያላልኩት ስድብ፣ ያልቆጠርኩት የሌባ ምልክት አልነበረም፤ አንዱም ሐጂን አላነቃነቃቸውም። ይኼ ግን አስነሣቸው። ልብሳቸው ላይ የነበረው የስንዴ ገለባ ረገፈ። "እኛን ዘሎ?" አሉ። ነጠላ ጫማቸውን አቀያይረው አድርገው ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ስንደርስ ሊብሬው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ገዢው ሰይፈሚካኤል የሚባል የመተሐራ ሰው፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። ፈውዚያ እስክሪብቶ ይዛለች። እኛን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ከዚያ ወዲያው ተቆጣች፣ ቁጣ እንግዲህ ለቤተሰባችን አዲስ አይደለም።

"ባጃጇ የኔ ናት" አለች። "ሕይወቴም የራሴ ነው። ተዉኝ።"

"ልክ ነሽ ልጄ" አሉ ሐጂ። "ግን እዚህ ቤት ያላለቀ ሽምግልና አለ። ሽምግልና ሳያልቅ ከሙሽራ ቤት ዕቃ አይወጣም።"

"እኔ ባጃጅ ልገዛ ነው የመጣሁት" አለ ሰይፈሚካኤል።

"ተቀመጥ" አሉት አቶ ነጋሳ። ተቀመጠ። የሴት ወገን ሰው አንሶት ስለነበር እሳቸው ጎን አደረጉት።

ሐጂ ስልኩን ለመኗት። "አላስቀርሽም። የወንድ አባት ነኝና ከልጄ ጋር አንድ ቃል ልለዋወጥ፤ ከዚያ በኋላ ፈርሚ።" ፈውዚያ ዙሪያዋን አየችና ስልኩን ዘረጋችላቸው። ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ አባት፣ "ልጄ ከማል፣ እኔ ኡበይደላ ነኝ" አሉ። "ከሽማግሌ ደብቂ ብለሃታል ወይስ አላልክም? እውነቱን ንገረኝ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ ካጠፋህም አርመህ እንቀጥላለን።"

መልእክቱ መሰማቱ ታየ። ሁላችንም ጠበቅን። ሰይፈሚካኤል ሳይቀር አንገቱን አስግጎ ስልኩን ያያል። "እየጻፈ ነው" አለች ፈውዚያ፤ ስልኩን ተቀብላ፣ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

"ሽማግሌ ሆይ፤ ሴቲቱ ዛሬ ከከፈለች አንተ ድርሻ አለህ። ለሌሎቹ አትንገር። ሴቲቱን ቶሎ አስፈርማት።"

ድምፅዋ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ቆመ። "ሴቲቱ" አለች ብቻዋን። በየጠዋቱ ውዴ ሲላት የነበረው ሰው ነው።

ሐጂ ፊታቸው ደም መሰለ። ፈረሱን አምነው ነበር፣ ሞጆ ባሕር ኃይልን ታግሠው ነበር፣ ቆቃ ድረስ ሄደው ነበር። "ለሽማግሌ ጉቦ" አሉ። ቆሙ። ጃዕፈርም ቆመ። ሐጂ ስልኩን እንደገና ተቀብለው፣ የሸመደዱትን ስም አንድ በአንድ ሳይስቱ ጠሩለት። "ከማል የሮበርት ልጅ፣ የመሐመድ፣ የሪቻርድ፣ የከማል፣ የጆንሰን፣ የዶክተር ልጅ። ከዛሬ ጀምሮ ሽማግሌ የለህም። አባትነቴን አንስቻለሁ።"

"አጎትነቴንም" አለ ጃዕፈር። "ኮንቴይነርህንም ራስህ ፈልግ።"

ትንሽ ቆይቶ ፎቶው ጠፋ። ዘግቶባቸው መሆኑ ነው። ጃዕፈር ባዶውን ክብ እያየ "ፈረሱም ሄደ" አለ፣ የሚያሳዝነው ፈረሱ ይመስል።

ሰይፈሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገና ባጃጇ እንዴት ልትሆን ነው አለ። አቶ ነጋሳ ዞር ብለው "አንተ የሴት ወገን አይደለህም እንዴ?" ቢሉት አፈረ፤ ሻዩን ጨርሶ ተሰናብቶ ሄደ። ፈውዚያ መኝታ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ተከትያት ገባሁ። "አላልኩሽም?" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ወላሂ ዋጥኩት። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ለቀናት ከቤት አልወጣችም። ሰው ይስቅብኛል ብላ ነው። ማን ይስቅባት? ሰፈሩ በሙሉ ሌባውን ሊድር ተነሥቶ ነበር። አርብ ሲሆን የወንድ ወገን በር አንኳኳ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ ባሌ በግ ይዟል። ግቡ እስኪባሉ ደጅ ቆሙ፤ ሲገቡም ከፍ ያለውን ወንበር ትተው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ወገኑ ላጠፋ ሰው የሚደረገው እንዲህ ነው፣ እነሱም አንድ ነገር አላጎደሉም። ሐጂ መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ።

"ልጃችን አሳፍሮናል። የሰጠነው እኛ ነን፤ ያጎደለውን የምንሞላው እኛ ነን። ምን ጎደለብሽ ልጄ?"

"ምንም" አለች ፈውዚያ። "ባጃጇ አለች።"

"ምን ጎደለብሽ?" አሉ ሐጂ ደግመው።

ፈውዚያ የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። "ጠዋት ጠዋት" አለች፣ "ቁርስ በላህ ወይ ይለኝ ነበር። ራህመቶ ከሞተ ወዲህ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። አሚራ ስትደውል ስለ ፈተናዋ ነው። ዋፊቃም ስትመጣ ልትቆጣኝ ነው።" ይኼን ያለችው ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ እንዲሁ ነው ያወራችው። የያዝኩትን ትሪ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

የወንድ ወገን ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥሞ ተንሾካሾከ። "ቶሌ፣ ይሁን" አሉ አቶ ነጋሳ፣ የሴት ወገን መሆናቸውን ረስተው። ሐጂ ቀና ብለው ውሳኔውን ተናገሩ። የልጃቸው ግዴታ በእነሱ ላይ ነው፤ በተራ ይጠይቃሉ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ሐጂ ከሱብሂ ሲመለሱ ደወሉ። "ቁርስ በላሽ?" አሏት፣ ግብር እንደሚሰበስብ ሰው ኮስተር ብለው። ገና አልነጋም ብትላቸው ሲነጋ እንደገና ደወሉ። በሚቀጥለው ቀን የጃዕፈር ተራ ነበር፤ ምን እንደበላች፣ በምን እንደበላችው፣ ዘይቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት። አቶ ነጋሳ መደወል ስለማይወዱ እየሄዱ በሯ ላይ ቆመው ይጠይቋታል፤ ሰላምታው ብቻ ሻይ ያስፈላል። ፈውዚያ ሰለቸኝ ትላለች። እየሰለቻት ግን ከአልጋዋ ተነሥታ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ ስልኳን አጠገቧ አድርጋ ትጠብቃለች።

ትናንት ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ባልዲ ስደረድር ስልኬ ጮኸ። ፈውዚያ ናት።

"ዛሬ የጃዕፈር ተራ ነበር" አለችኝ። "አልደወለም።"

"ለቅሶ ሄዷል። ረስቶት ይሆናል።"

"እንግዲያው አንቺ ጠይቂኝ።"

"እኔ የሴት ወገን ነኝ" አልኳት። "የኔ ሥራ አይደለም።"

ከጀርባዋ ባጃጇ ስትነሣ፣ ፈይሳም ጥሩንባውን ነፍቶ ሲወጣ ተሰማኝ።

"ጠይቂኝ፣ እታለም" አለች።

ባልዲውን አስቀመጥኩ። ሳልቆጣ ማውራት ስላልለመደብኝ ድምፄን ማስተካከል ነበረብኝ። "ቁርስ በላሽ?" አልኳት።

"አልበላሁም" አለችኝ። "ነይና አብረን እንብላ።"

ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ።